ጭብጨባውና ገንዘቡ

ብራስልስ የሚኖር ሰው ትልቅ ስብሰባ መኖሩን የሚያውቀው በእግሩ ነው። መንገድ ይታጠራል፣ ሞተረኛ ፖሊስ ይራወጣል፣ አንተም ሁለት ፌርማታ በእግርህ ትኳትናለህ። በፈረንጆቹ የካቲት 2018 ከሰሃራ በረሃ በታች ስላለው የሳህል ቀጠና ጉባኤ እዚህ ሲካሄድም ማታ ዜናውን ያየሁት እግሬን እያሸሁ ነው። ሞሪታኒያ፣ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀርና ቻድ ድንበር እየተሻገሩ የሚያጠቁ ታጣቂዎችን አብረው ሊዋጉ ጦር አቋቁመዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 423 ሚሊዮን ዩሮ ያስፈልጋል ተብሎ ነበር። በዚያን ቀን የተገባው ቃል በድምሩ 414 ሚሊዮን ደረሰ። ሳዑዲ 100 ሚሊዮን፣ የአውሮፓ ኅብረት 100 ሚሊዮን። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ ደግሞ ትዝ ያለችኝ ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ሕንጻ ልንገዛ ገንዘብ ስናሰባስብ ማይክ የጨበጠው ሰውዬ ስም እየጠራ "አምስት ሺህ!" ሲል እልልታው ጣራ ይነካል። ከወር በኋላ ገንዘብ ያዧ ስትደውል ግን ስልክ የሚያነሳ የለም። ሰው ለማማት አይደለም፣ እኔም 300 ዩሮ ተናግሬ ከፍዬ የጨረስኩት በሦስተኛው ዓመት ነው።

የሳህሉም ነገር ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከጉባኤው በፊት፣ በ2017፣ የፀጥታው ምክር ቤት ጦሩን እሰየው ብሎት ሳንቲም ግን አልመደበለትም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር በለጋሾች ፈቃድ ላይ ወደቀ፤ አንዱ መኪና ልስጥ ይላል፣ ሌላው ሥልጠና፣ ሌላው በራሱ ፕሮጀክት በኩል እንጂ በእጃችሁ አልሰጥም ይላል፣ ሁሉም የየራሱ ፎርም አለው። ከጭብጨባው አራት ወር በኋላ ማሊ ውስጥ ሴቫሬ ያለው የጦሩ ዋና መምሪያ ራሱ ተጠቃ። በ2022 ማሊ ከአምስቱ አገሮች ስብስብ ወጣች፣ በ2023 መጨረሻ ቡርኪናና ኒጀር ተከተሉ። አለቀ። ገንዘብ ብቻ ነው ያፈረሰው አልልም፤ መፈንቅለ መንግሥቱም፣ ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ኩርፊያም አለ። ግን በሰው ኪስ የቆመ ቤት ሲነቃነቅ የሚደግፈው አያገኝም።

እዚህስ? በ2016 መጋቢት አየር ማረፊያውና ማልቤክ ሜትሮ ጣቢያ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 32 ሰው ሞቷል። ያኔ ወታደር በየጣቢያው ቆሞ ነበር፤ እስከ 2021 ድረስ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን አንግቦ ቡናውን ፉት የሚል አንድ ልጅ እግር ወታደር ነበር፣ ተለማምደን ሰላም እንባባል ነበር። የዚህን ልጅ የወር ደሞዝ ማን ይከፍላል ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም። በጀት ነው፣ ይወጣል። ጉባኤ አይጠራለትም፣ እልል አይባልለትም።

ሶማሊያ የዘመተው ወታደር ግን እንደዚያ አልነበረም። የአፍሪካ ኅብረት ጦር በ2007 ሲገባ ለስድስት ወር ነው የተባለው፤ ዛሬም ስሙን እየቀያየረ እዚያው ነው። የወታደሮቹን አበል ለዓመታት የሸፈነው እዚሁ ብራስልስ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ነው፣ ለአንድ ሰው በወር 1,028 ዶላር፣ ከዚያ ላይ መንግሥታት የሚቀንሱት አለ። በ2016 መጀመሪያ የአውሮፓው ኅብረት ከክፍያው 20 በመቶ ቆረጠ። በዚያው ዓመት ብሩንዲ ከአውሮፓ ጋር በፖለቲካ ስትጣላ ገንዘቡ በመንግሥቷ በኩል አያልፍም ተባለና ወታደሮቿ ለወራት ሳይከፈላቸው ቆዩ። ጠቡ ቡጁምቡራና ብራስልስ ውስጥ ነው፣ ምሽግ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው።

በ2023 ታኅሣሥ ተመድ እንዲህ ላለው ዘመቻ ከአባል አገራት ቋሚ መዋጮ እስከ 75 በመቶ ሊሸፍን እንደሚችል ወሰነ። ጥሩ ተባለ። ለሶማሊያ ይሁን ሲባል አሜሪካ አልተስማማችም፤ ከዓመት በኋላ አዲሱ ተልዕኮ ሲጸድቅም ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በ2025 ጥር ተልዕኮው ሲጀመር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ቁርጡ አልታወቀም ነበር። አውሮፓም አሁን ዓይኑ ዩክሬን ላይ ነው።

ያ የ2016ቱ የአበል ቅነሳ በተሰማበት ዓመት አገር ቤት ሄጄ ነበር። የእናቴ ጎረቤት ልጃቸው ሶማሊያ ዘምቷል። ቡና እየጠጣን ጠጋ አሉኝና፣

"አንተ ያለህበት አገር ነው አሉ የነሱን አበል የሚከፍለው። እውነት ነው?"

"እንደዚያ ነው እማማ።"

"እና ቀነሱ የሚባለውስ?"

እሱም እውነት ነው አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ስትመለስ እስኪ ቢሯቸው ጎራ በልና ጠይቅልኝ፣ ቅርብህ ከሆነ" አሉኝ።

ቅርቤ ነው፣ በእግር ሃያ ደቂቃ። እሺ አልኳቸው።