የአይስላንድ ጥርና የእኛ ሐምሌ

ክርክሩ የተነሳው በጃኬት ነው። ሐምሌ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ጀበና ቡናው ጋ አራት ሆነን ዱካ ላይ ተቀምጠናል። አንዱ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሰማዩ ያጉረመርማል፤ እኛ ዚፓችንን እስከ አንገት ዘግተናል፣ እሱ በቲሸርት።

"አንተ አይበርድህም?" አለው ልብስ ሰፊው። "አይስላንድ ነው እንዴ የምትኖረው?"

"አይስላንድማ ይሻላል! ባለፈው ጥር ትራንዚት አድርጌ ነበር። በረዶ ስጠብቅ ዝናብ ተቀበለኝ። እኛ ጋ በጥር ብትወጣ ጆሮህን አታገኘውም።"

ልብስ ሰፊው ሳቀበት። "የአገሩ ስም ራሱ የበረዶ ምድር ነው እኮ! ሰው ዝም ብሎ ስም ያወጣል?"

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስኒ ካስቀመጡ ክፍለ ጊዜው ተጀመረ ማለት ነው።

"ልጁ እውነቱን ነው" አሉ። "የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ በጥር አማካይ ሙቀቷ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚኒሶታዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 9 ገደማ ትወርዳለች። አንዷ ሰሜን ኬክሮስ 64ኛው ዲግሪ ላይ፣ ሌላዋ ወደ ደቡብ ወርዳ 45ኛው ላይ ሆና!"

ምክንያቱ ባሕሩ ነው አሉን። ከደቡብ የሚመጣ ሞቅ ያለ የአትላንቲክ ውሃ የደሴቷን ደቡብና ምዕራብ ታክኮ ያልፋል። ሚኒሶታ ግን ባሕር የራቃት የአህጉር መሐል ናት። ስሙንም ቢሆን ያወጣው ፍሎኪ የሚባል ኖርዌያዊ ነው ይላል የአገሬው ትረካ። ድርቆሽ ሳይሰበስብ ክረምት ገባበትና ከብቶቹ አለቁ። ተራራ ወጥቶ ቁልቁል ቢያይ የባሕሩ ወሽመጥ በበረዶ ተሞልቷል። ከብቱን የጨረሰ ሰው ያወጣው ስም ምን ያህል ይታመናል?

ልብስ ሰፊው እጅ አልሰጠም። "እሺ ጋሼ፣ አገሩ ካልቀዘቀዘ ያ ሁሉ ግግር በረዶ ምን ይሠራል?"

ከአገሪቱ 10 በመቶ ያህሉ በግግር የተሸፈነ ነው። ቫትናዮኩል የሚባለው ብቻውን ወደ 7,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጋሼ ሊመልሱ ሲሉ ቡና የምታፈላው ልጅ ቀደመቻቸው።

"እሳተ ገሞራም አለ አይደል? ለምን አያቀልጠውም?"

"ያቀልጠዋል እንጂ ልጄ!" ጥያቄዋ በጣም ደስ አሰኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከቫትናዮኩል ሥር እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የቀለጠው ውሃ ለሳምንታት ከግግሩ ሥር ተጠራቀመ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የአውራ ጎዳናውን ድልድዮች ጠራርጎ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኤይያፍያትላዮኩል የሚባል እሳተ ገሞራ (ስሙን እሳቸውም ሦስት ጊዜ ሞክረው ነው የጠሩት) በአመዱ የአውሮፓን በረራ ለቀናት አስተጓጎለ።

"አይስላንድ ዘመዳችን ናት እኮ" አሉ ቀጥለው። ምድር የምትሰነጠቅበት የአትላንቲክ ሸንተረር በአብዛኛው ባሕር ውስጥ የተደበቀ ነው፤ አይስላንድ ላይ ግን ብቅ ይላል። ሁለቱ ወገኖች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በደረቅ መሬት ላይ ማየት የሚቻለው ጥቂት ቦታ ነው፤ አንዱ የእኛው አፋር ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተላቅቋል። ልዩነቱ አይስላንዶቹ የምድሩን ሙቀት በቧንቧ ቤታቸው አስገብተውታል። ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚሞቀው በእሱ ነው።

በዚህ መሐል የልብስ ሰፊው ጥያቄ ተረሳ። የሰፈራችን ልጅ እንዳሸነፈ ሰው ሁለተኛውን ቡና አዘዘ።

እኔ ግን ፍርዱን ለልብስ ሰፊው እሰጣለሁ። በስሙ መከራከሩ ስህተት ነበር፤ ግግሩን ሲያነሳ ግን ነገሩን አግኝቶት ነበር። ግግር በረዶ እንዲኖር ክረምቱ እንደ ሚኒሶታ መክፋት የለበትም። የክረምቱን በረዶ በጋው ሳይጨርሰው መቅረቱ ይበቃል። የአይስላንድ በጋ ደግሞ ደካማ ነው። በሐምሌ፣ በበጋቸው እምብርት፣ ሬይክያቪክ ቀን ላይ 14 ዲግሪ ገደማ ነው የምትደርሰው። እኛ ጃኬት የዘጋንበት የአዲስ አበባ ሐምሌ ቀን ላይ ወደ 20 ይጠጋል። የአይስላንድ ተራራ ላይ፣ ግግሩ ያለበት ከፍታ፣ ሙቀቱ ከሬይክያቪክም ያነሰ ነው። ሚኒሶታ ጥሩ በጋ ስላላት ያ ሁሉ የጥር በረዶዋ ሟሙቶ ይሄዳል።

በጥር ዝናብ አየሁ ያለን ልጅ አንድ ሐምሌ ደግሞ እዚያው ይውረድ። ቲሸርቱን እንደለበሰ።