ደንባራው ዳማ

ኮምቦልቻ ላይ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ጥግ አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚያ አልጠፋም። በአንድ ፈረስ የተነሳ የጀመረው ክርክር ያን ቀን ከአቦል እስከ በረካ ሄደ፣ በማግስቱም ቀጠለ። ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ እንዳለ ላውጋችሁ።

ፈረሱ ዳማ ነው። ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ አለችው። ባለቤቱ ወጣት ባለጋሪ ነው፤ ከጉጉፍቱ በኩል ከደጋ ካወረዱት ነጋዴዎች ገዛው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ፣ እህል፣ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ ጭኖበታል። አንድ ቀን አላስቸገረውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሚሌ መስመር የመጣ ተሳቢ መኪና አጠገባቸው ሲደርስ ክላክሱን ለቀቀው። ፈረሱ ደንብሮ ዘለለ፣ የጋሪው ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሁሉም ተያይዘው ወደቁ። ገመዱን ቆርጠው እስኪያወጡት ድረስ ፈረሱ በጎኑ ተኝቶ ይንፈራገጥ ነበር። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወዲህ ዳማው ሌላ ፈረስ ሆነ። ከባድ መኪና ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ጆሮውን ይቀስራል፣ አፍንጫው ይነፋል። ከዚያ ወይ ድርቅ ብሎ ይቆማል ወይ ይፈረጥጣል። ባለጋሪው በአለንጋ ይለዋል። ሳምንት ሳይሞላ ፈረሱ አለንጋ ያልያዘ ሰው ሲቀርበውም መሸሽ ጀመረ።

«ሰለቸኝ» አለ ባለጋሪው ያን ቀን፣ ስኒውን ሳያነሳ። «ስንት ዘመን ሲያየው የኖረውን መኪና ዛሬ ነው የሚፈራው? ጥጋብ ነው። ጌታው ማን እንደሆነ ካላወቀ ነገ ሰው ይገድልብኛል።»

ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛው ቀጠለ። «ሽጠውና ተገላገል። ደንባራ ፈረስ ይዘህ አስፋልት ላይ መውጣት ራስህንም ሰውንም መጉዳት ነው። ትንሽ ጨምርበትና ባጃጅ ግባ። ጊዜው የባጃጅ ነው።»

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የደሴ ሰው ናቸው። የደሴ ብርድ ጉልበታቸውን ሲይዛቸው ኮምቦልቻ ልጃቸው ቤት ይወርዳሉ። የሐረጎን ተራራ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ስለሚወረድ አየሩ ሌላ አገር ነው። በወጣትነታቸው ጉግስ የሚጋልቡ ሰው ነበሩ።

«ጥጋብ አይደለም» አሉ። «የጠገበ ፈረስ ይቦርቃል። የፈራ ፈረስ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ያንተን አየሁት፤ ጭነት የለው፣ ዳገት አልወጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ጥጋብ ነው?»

«አባባ፣ አንቱ የሚያውቁት የጉግስ ፈረስ ነው። ይሄ የጋሪ ፈረስ ነው።»

«ፈረስ ፈረስ ነው። አድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ መድፍ እያጓራ ገብቷል። ራስ ሚካኤልን እስከ ዛሬ አባ ሻንቆ የምንላቸው በፈረሳቸው ስም ነው። መድፍ የለመደ ፍጥረት ክላክስ አያቅተውም። ተገርፎ ድምፅ የለመደ ፈረስ ግን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። አለንጋው ይሠራል ካልክ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»

ባለጋሪው ዝም አለ። ያኔ ነው ቡና አፍይዋ ረከቦቱ ላይ እንዳጎነበሰች የጠየቀችው።

«መኪና ሲመጣ ነው የምትመታው?»

«አዎ፣ እንዳይቆምብኝ።»

«እንግዲያስ መኪና መጣ ማለት ለሱ ዱላ መጣ ማለት ነዋ። ፊት የፈራው መኪናውን ነው። አሁን መኪናውንም አለንጋውንም አንተንም ይፈራል። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ አለ ሰው።»

እኔ ብዙ ሰው ስለ ፈረስ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ነገሩን እንዲህ በአንድ ጥያቄ ያስያዘው ግን አላጋጠመኝም። ፈረሱ «መኪናው ያስፈራል» ብሎ ነበር። ጌታው በአለንጋ «ልክ ነህ፣ ያስፈራል» እያለ በየቀኑ ሲያረጋግጥለት ከረመ።

ከእኛ ጋር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። እሷ በሁለቱም ወገን አልገባችም። «ክርክሩ ይቆይ። መጀመሪያ ሰውነቱ ይታይ» ብላ ተነሳች።

ያየሁትን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ፈረሱ ከግንድ ጋር ታስሯል። ዶክተሯ ፊት ለፊት አልሄደችበትም። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ሊያይ ምንም አይቀረውም፤ የማያየው ልክ ግንባሩ ሥርና ልክ ጅራቱ ኋላ ያለውን ነው። እሷ በትከሻው አቅጣጫ አግድም ሄደች። ዓይኑን አላየችውም፤ መሬት መሬት እያየች ነው። ስድስት እርምጃ ያህል ሲቀራት ፈረሱ አንገቱን ቀና አደረገ። ቆመች። ቀና ያለው አንገት ትንሽ ዝቅ ሲል ጀርባዋን ሰጥታው ሁለት እርምጃ ተመለሰች።

«ትታው መጣች እንዴ?» አለ የባጃጁ ልጅ።

«ዝም በል» አሉት ሽማግሌው።

እንደገና ሄደች። እንደገና ተመለሰች። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። እሱ «በቃሽ» ሲል ትሰማዋለች፣ እሱም እንደተሰማ ያያል። በመጨረሻ አንደኛው ጆሮው ወደሷ ዞረ፣ ሌላው መንገዱ ላይ ቀረ። ከዚያ አፉን አላመጠ፣ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ያኔ ነው እጇን ከጋማው ግርጌ፣ ትከሻው የሚጀምርበት ላይ ያሳረፈችው። ቆዳው ዝንብ እንዳረፈበት ተርገበገበ። እጇን አላነሳችም፤ በጥፍሯ ቀስ ብላ ማከክ ጀመረች። ፈረሶች እርስ በርስ የሚታካኩት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ፈረንሳይ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት እዚያ ቦታ ሲታከኩ የልባቸው ምት ዝግ እንደሚል አሳይቷል። ይህን የነገረችን በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኛ ያየነው የፈረሱ አንገት ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ባለጋሪውን በእጇ ጠራችው። ጠፍሩ ከሚያርፍበት ሥር፣ ፀጉሩ ሸፍኖት፣ የስኒ አፍ የሚያህል ቁስል ነበር። ያ የወደቁ ቀን ተልጦ፣ ከዚያ በየቀኑ ሲፈገፈግ የከረመ።

ባለጋሪው ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ አላየሁትም» አለ። አመንኩት። ፈረሱ ካላስጠጋው እንዴት ያያል?

«በቃ፣ ይሄ እስኪድን ጠፍር አይነካውም» አለች። «የሚያመውን ፈረስ ፍርሃቱን ላስለቅቅ ብትል በከንቱ ነው። ጋሪውን ባየ ቁጥር ሕመሙ ነው ትዝ የሚለው።»

እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዋናው የመጣው ግን በማግስቱ ነው።

ሽማግሌው ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል። «ፈረሱ ይድናል» አሉ። «በዚህ ልጅ እጅ ግን አይድንም። ፈረስ ቂም ይይዛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ለማያውቀው፣ እጁ ለለዘበ ሰው ይሰጠውና ከዜሮ ይጀመር።»

ዶክተሯ ግማሹን ተቀበለቻቸው። እንግሊዝ አገር የሰሴክስና የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ሥራ ነገረችን። ለፈረሶች የአንድ ሰው ፎቶ ያሳዩአቸዋል፤ ለአንዳንዶቹ የተቆጣበትን፣ ለአንዳንዶቹ የሳቀበትን። ከሰዓታት በኋላ ሰውየው ራሱ፣ ፊቱ ሳይስቅም ሳይቆጣም፣ ይመጣል። የትኛው ፎቶው እንደታየ እሱ አያውቅም። ቁጣውን ያዩት ፈረሶች ግን ሰውየውን በግራ ዓይናቸው አብዝተው ያዩታል፣ የመረበሽ ምልክትም ያሳያሉ። ፈረስ አስጊ ነገርን አብዝቶ የሚያየው በግራ ዓይኑ ነው። «አንድ ፎቶ ይህን ካደረገ» አለች፣ «የሦስት ሳምንት አለንጋ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። አባባ እውነታቸውን ነው፣ ያስታውሳል። ግን ክፉውን የሚያስታውስ ደጉንም ያስታውሳል። ሰው ቢቀየርለት አዲሱን ሰው ይለምዳል። ይሄን ልጅ መፍራቱ ግን እዚያው ይቀመጣል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ባለጋሪው። ድምፁ ትናንት የነበረው አልነበረም።

መልሱን ሦስቱ ተቀባበሉት። ጠዋትና ማታ ገብሱን በሳፋ ይዘህ ሂድ፤ አስቀምጥና ጀርባህን ሰጥተህ ትንሽ ራቅ ብለህ ቁጭ በል። በእጅህ አታጉርሰው፣ መንከስ ይለምዳል። አለንጋውን እቤት ተወው። ማሰሪያውን ስትስበው አንዲት እርምጃ ከመጣ ወዲያው አላላለት፤ መላላቱ ነው የሚያስተምረው። መኪናውን ከሩቅ አስለምደው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት መንገድ አለ፣ እዚያ ይብላ። ሽማግሌው ጋሻ እየመቱ የጉግስ ፈረስ ያስለመዱትን አነሱ፤ ፈረሱ ገብሱን ሲበላ ከሩቅ ይመታሉ፣ መብላቱን ካቆመ ወደኋላ ይሸሻሉ፣ ካላቆመ በማግስቱ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ። «ደግሞ ማባበል ብቻ እንዳይመስልህ» አሉት። «እየገፋህ ሲመጣ በቦታው አቁመው። በዱላ አይደለም፣ አንተም ቦታህን ባለመልቀቅ። የማይጨበጥ ሰው ፈረስን ያሳስበዋል።»

የባጃጁ ልጅ እስከዚያ ሲያዳምጥ ቆየና ያልጠበቅነውን ተናገረ። «ሁላችሁም ታገስ ትሉታላችሁ። ሁለት ወር ምን ይብላ? ልጆቹ ትዕግስት አይበሉም።»

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እውነቱን ነው። ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላን ሰው «ፈረስህን አትምታ፣ አትጫንበት፣ ጠብቅ» ማለት ቡና ለሚጠጣ ሰው ቀላል ነው። ይህ ልጅ ጨካኝ ሆኖ አይደለም የመታው። ፈረሱ ሲቆም እራቱ ቆሞ ነው የሚታየው።

መፍትሔው ከጋሪ ተራው መጣ። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ባለጋሪ ከሰዓት ከሰዓት ጉልበቱ ስለማይችል የሱን ፈረስ ከሰዓት ወጣቱ እንዲነዳ፣ ገቢውን እኩል እንዲካፈሉ ተስማሙ። ዳማው ማለዳና ማታ ለራሱ ጊዜ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እየሄድኩ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈረሱ ገብሱን የሚነካው ልጁ ከሄደ በኋላ ነበር። አሥረኛው ቀን ገደማ እሱ እዚያው ተቀምጦ በላ፤ አንድ ጆሮው ግን ከልጁ ጀርባ አልተነሳም። አንድ ቀን ልጁ ትዕግስቱ አልቆ ገመዱን በኃይል ጎተተ፣ ፈረሱ አራት ቀን ወደኋላ ተመለሰ። የአራት ቀን ሥራ በአንዲት መጎተት ሄደ። ልጁ ያን ማታ ግንዱ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሳፋውን ይዞ መጣ።

በአምስተኛው ሳምንት ግድም ነው እኔ ፊት የሆነው። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ዳማው ገብሱን ጨርሶ ራሱን አነሳ፣ ቆየት አለ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ መጥቶ የልጁን ጃኬት ትከሻ ላይ በከንፈሩ ነካው። ልጁ አልዞረም። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ሩቅ መንገዱ ላይ ተሳቢ ያልፍ ነበር።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሽማግሌው ስለ ፍርሃቱ ልክ ነበሩ፣ ስለ ሰውየው ግን ተሳስተዋል። የሰበረው እጅ ነበር መጠገን የነበረበት፤ ፈረሱ ለሌላ ቢሸጥ ልጁ የሚቀጥለውንም ፈረስ ይገርፈው ነበር። የባጃጁ ልጅ መሸጥ አለበት ሲል አልተስማማሁም፣ ስለ እንጀራው ያነሳው ጥያቄ ባይኖር ግን የእኛ ምክር ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ከሁሉም በላይ ያቺን የቡና አፍይዋን ጥያቄ እይዛለሁ። ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ከማንሳቱ በፊት፣ ይህን ስመታው አሁን ምን እያየ ነው ብሎ ይጠይቅ።

ዳማው አሁን ጋሪ ይጎትታል። ቁስሉ ድኗል፤ ጠፍሩ ሥር ወፍራም ጨርቅ ይደረግለታል። መኪና ሲያልፍ ጆሮውን ይቀስራል፣ ልጁ ስሙን ይጠራዋል፣ ያልፋሉ። ያ የወደቁበት ቦይ ዳር ግን እስካሁን አይሄድም። ልጁ እዚያ ሲደርስ ይወርድና ማሰሪያውን ይዞ በውስጥ መንገድ ያዞረዋል። ጓደኞቹ «እዚህ ድረስ ደርሰህ ይቺን አልፈህ አታስጨርሰውም?» ይሉታል። እኔ ይዙር ባይ ነኝ። መንገዱ ቢረዝም ሁለት መቶ ሜትር ነው።