ለእማማም ተርጉሙላቸው እንጂ!

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ ልጆቻችሁ ቅዳሜና እሁድ ዓይናቸውን ተክለው የሚያዩት የካርቱን ፊልም ስለ እርጅና ምን እንደሚነግራቸው ልብ ብላችኋል?

ነገሩ የቆየ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣው «ስኖው ዋይት» ቆንጆዋ ንግሥት ልጅቷን ልትመርዝ ስትነሳ፣ መድኃኒት ጠጥታ አሮጊት ትሆናለች። ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ፀጉሯ ይሸብታል፣ ድምጿ ይሻክራል። በ2010ሩ «ታንግልድ» ደግሞ ሴትዮዋ ላለማርጀት ስትል የሰው ሕፃን ትሰርቃለች።

ልጅ ያየውን ያደርጋል። የአያቱን ነጠላ ይከናነባል፣ የመጥረጊያ እንጨት ይመረኮዛል፣ ጎብጦ እያነከሰ ሳሎኑን ይዞራል። እናንተስ? «ተው!» እንደማለት ስልካችሁን አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ፤ ቲክቶክ ላይ ትለቁታላችሁ። እማማም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው አብረው ይስቃሉ። ደስ ብሏቸው መሰላችሁ? የልጅ ልጃቸው ሙድ ሲይዝባቸው ምን ይበሉ? ኧረ ነውር ነው!

ጥፋቱን ሁሉ በፊልም ላይ አላሳብብም። የ2009ኙ «አፕ» ባለታሪክ የ78 ዓመት አዛውንት ነው። ነጭናጫ ነው፤ ሚስቱን እንዴት ይወዳት እንደነበር ስታዩ ግን አንጀታችሁን ይበላዋል። በ2017ቱ «ኮኮ» ልጁ ሰው መለየት ላቃታት ቅድመ አያቱ ይዘፍንላታል፤ እሷም ቀስ ብላ አብራው ታዜማለች። እናንተ ይህን እያያችሁ ታለቅሳላችሁ። እማማ እዚያው ሶፋ ላይ ናቸው። እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድም ቃል አልገባቸውም። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ «ቆይ እማዬ፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ» ትላላችሁ። ሲያልቅ ማን ነገራቸው?

ደግሞ የት ይሂዱ? አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ሊፍት የለም። ደረጃው ጉልበታቸውን ጨርሶት ከዕድሩም ከቤተ ክርስቲያኑም ቀርተዋል። ቀኑን ሙሉ ያላቸው እናንተና ያ ቴሌቪዥን ናችሁ።

ስለዚህ ፊልሙን አቁሙና ልጁ ራሱ ይተርጉምላቸው። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል እያላችሁ ትኮሩበት የለ? ክፉ አሮጊት ስትመጣም ዝም አትበሉ፤ ከጎኑ የተቀመጡት አያቱ ማን እንደሆኑ፣ እናንተን እንዴት እንዳሳደጉ ንገሩት። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተራውን ለእሳቸው ልቀቁ፤ እሳቸው «ተረት ተረት» ይበሉ፣ እሱ «የላም በረት» ይበል።

ያንን ቲክቶክ ላይ የለቀቃችሁትን ቪዲዮም ዛሬውኑ አጥፉት።