ማስተካከያ፦ የጌጥ ዝንጅብል አተካከልና አቆራረጥ

ለአበባውና ለቅጠሉ ውበት ስለሚተከለው ጌጥ ዝንጅብል ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ሥሩን 15 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፣ በበጋ አገዳውን በሙሉ ቁረጡት» ተብሎ ነበር። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው።

ወፍራሙ ሥር ጥልቀት አይወድም። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል። ቡቃያ የሚወጣበት ጉጥ ወደ ላይ ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረና ውሃ ከቋጠረበት ይበሰብሳል። ስትጫኑት ከለሰለሰና ከሸተተ፣ በቃ አልቆለታል።

አቆራረጡ እንደ ዓይነቱ ነው። ነጭ፣ ቢራቢሮ የሚመስል አበባ ያለው (የኩባ ብሔራዊ አበባ ነው፤ መዓዛው ማታ ማታ ይብሳል) አንዱ አገዳ የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። አብቦ የጨረሰውን ከሥሩ ቁረጡት። ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ግን ሌላ ነው። አበባው የሚመጣው ዓመት በሞላው አገዳ ላይ ስለሆነ፣ ሁሉን ከቆረጣችሁ የሚቀራችሁ ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉም ቢሆን ያምራል፣ አይካድም።

ቀይ አበባ ያለው ዓይነት ደግሞ ብርድ አይችልም። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይከብደዋል። በአበባ ማሰሮ ተክላችሁ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

ለሻይ የምንጨምረው ዝንጅብል ዘመዳቸው ነው እንጂ እነሱ አይደሉም፤ ወደ ማንቆርቆሪያው አትውሰዷቸው።