ይድረስ ለኦርጅናል

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ስልህ የደብዳቤ ወግ አይምሰልህ። ስምህን በየቀኑ እሰማለሁ፤ አንተን ግን በዓይኔ አይቼህ አላውቅም።

መርካቶ ከገባሁማ ካንተ በቀር ዕቃ ያለ አይመስልም። ጫማው አንተ፣ ጂንሱ አንተ፣ ሽቶው አንተ። በቀደም አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ ቻርጀር ጠየቅኩ። ልጁ "ኦርጅናሉን ነው ኖርማሉን?" አለኝ። ኦርጅናሉን አልኩት። ሁለት አውጥቶ ደረደረልኝ። "ይሄ ኦርጅናል ነው። ይሄ ደግሞ ኦርጅናል ኦርጅናል።" ዋጋው እጥፍ ነው። ምንድነው ልዩነቱ ስለው ካርቶኑን አዙሮ አሳየኝ። አንደኛው ላይ የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ሁለተኛው ላይ ፊደሉ ተሟልቷል። የተሟላውን ገዛሁ። ሲሰካ እንደ ምጣድ ይግላል።

ፈርስት ኮፒ የሚባል ዘመድም አለህ አሉ። ኮፒ መሆኑን አምኖ፣ ከኮፒዎች ግን አንደኛ ወጣሁ የሚል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዘር ማንዘርህ የማከብረው እሱን ነው።

ሶማሌ ተራ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ነህ። ከነላስቲኩ የተቀመጠው አዲስ የመኪና ዕቃ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግሪስ የለበሰው፣ የተቧጨረው፣ ከአንዱ ቶዮታ ተፈቶ የመጣው ነው ኦርጅናል የሚባለው። መካኒኩም "ወንድሜ፣ አዲስ ከምትገዛ ኦርጅናል ግዛ" ይልሃል። (ልክ ነው ደግሞ። ከማይታወቅ አዲስ የፋብሪካው አሮጌ ይሻላል።) ይህን አነጋገር ለእንግሊዞቹ ማን እንደሚያስረዳቸው እንጃ። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ሙያው ግን የእኛ።

ስልክ ስገዛ ልፈትንህ ብዬ ነበር። ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ስነካ የስልኩ መለያ ቁጥር፣ 15 አሃዝ መጣ። ካርቶኑም ላይ 15 አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹን ካየሁ በኋላ ሌሎቹን ማየት አላስፈለገኝም፤ ጭራሽ አይተዋወቁም። ሻጩ ቅንጣት አልደነገጠም። "ስልኩ ኦርጅናል ነው፤ ኮፒው ካርቶኑ ነው" አለኝ። ምን ትለዋለህ?

ማር ላይስ? ንጹህ ማር ሲቆይ ይረጋል፤ ግሉኮሱ ነው የሚያረጋው። ገዢው ግን የረጋውን ሲያይ "ስኳር ነው" ብሎ ጥሎት ይሄዳል። እንደ ውሃ የሚወርደውን "ኦርጅናል!" ብሎ ይሸከማል። አንዴ ከልብህ ብትመጣም የሚያውቅህ አጣህ።

ሕግ የለም እንዳትል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። ባለ አራት መስመሩ አዲዳስ ግን ያነበበው አይመስልም።

አንተን የምር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ዲግሪዬን ኮፒ አድርጌ ብሄድ "ኦርጅናሉ የታለ?" ተባልኩ። ከሰዓት ኦርጅናሉን ይዤ ብመለስ "ኮፒውስ?" ተባልኩ። ሁለቱም ሲሟሉ ሠራተኛዋ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየችና ኮፒው ላይ "ከዋናው ጋር ተገናዝቧል" የሚል ማህተም አሳረፈችበት። ኮፒው በክብር ፋይል ገባ። ኦርጅናሉን "ውሰደው" አለችኝ።

እና ወንድሜ፣ አንዱን ምረጥ። ወይ ብቅ በል፣ ወይ ስምህን ከየሱቁ መስታወት ላይ ላጥልን። ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አንተ እንኳ ብትጠራጠር የምትለው አይኖርህም።

አክባሪህ፣
ደንበኛህ

ግልባጭ፦
ለፈርስት ኮፒ
ለኖርማል
ለኦርጅናል ኦርጅናል