ማስቲካው ለእሱ፣ ወረቀቱ ለመኪናዬ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ የአዳማ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ መኪናዬ ሸተተችኝ። ሽታውን ታውቁታላችሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሆኖ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር ጣል ያለበት። መጀመሪያ ሁላችንም እንደምናደርገው በሌላ ሰው አላከክሁ። ከፊቴ ያለችው ባጃጅ ናት አልኩ። ባጃጇ ታጠፈች። ሽታው አልታጠፈም።

ፖስታ ቤት ጋ ዳር ያዝኩና ከመሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈትኩ። የድሮ ሰዎች ቫልቮላ የሚሉት ማለቴ ነው። ከቀዩ፣ ከሰማያዊውና ከቢጫው መሃል አንዲት በጥንቃቄ የታጠፈች ብልጭልጭ ነገር ቁጭ ብላለች። ሳብኳት። ጣቴን አቃጠለችኝ። ቀዝቀዝ ስትል አሸተትኳት። ሚንት ሸተተች።

የማስቲካ ወረቀት!

ያኔ ነው ሁሉም የተገለጠልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የስልክ ቻርጀር የምሰካበት ቀዳዳ አልሠራ ብሎኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄጄ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የሠራው እያኘከ ነበር። ማስቲካው ለእሱ፣ ወረቀቱ ለመኪናዬ። ከዚያ ወዲህ ቻርጀሩ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ልጁ ሲሸኘኝ "ለጊዜው ነው ፋዘር፣ ግን አታስብ፣ ይሄ መቼም አይቃጠልም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። እሱ አልተቃጠለም። የተቃጠለው ሌላው ነው።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህን ልጅና መሰሎቹን ለማመስገን ነው። እስካሁን ያመሰገናቸው የለም፤ ግፍ ነው።

ፊውዝን የሠሩት ሰዎች ምን ያህል ጨለምተኞች እንደነበሩ እስቲ አስቡት። ሥራው መሞት ብቻ የሆነ ዕቃ ሠሩ። ሽቦው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣበት እሷ ቀድማ ትቀልጣለች፣ መንገዱ ይቋረጣል፣ መኪናው ይተርፋል። ይህ አልበቃ ብሏቸው እንደ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ቀለም ቀቧት። 10 አምፒር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሰማያዊ አውጥቶ ሰማያዊ እንዲያስገባ። በዚህም ላይ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ትርፍ ፊውዞችና ትንሽ የፕላስቲክ መንቀያ አስቀመጡ። (የእኔ መኪና ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ በጃፓንኛ ነው። ትርፎቹ እኔ ሳልገዛት አልቀዋል። መንቀያዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እጥበት ቤት፣ የአንድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ነው።)

የእኛ ባለሙያ ግን ሞትን ድል ነሣ። 15 ተቃጠለ? 30 ክተትበት። 30 የለም? ሽቦ ጠምዝዝ። ሽቦ የለም? የሲጋራ ወረቀት። ሲጋራ የማታጨስ ጨዋ ሰው ከሆንክ ሚስማር። ሚስማር የተመታበት ሳጥን ከዚያ ወዲያ የፊውዝ ጣጣ አያውቅም። ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ ፊውዙ ሽቦው ራሱ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከወንበሩ ስፖንጅ ጎን እየተሹለከለከ እስከ ኋላ የሚሄደው። ትንሿ ፕላስቲክ ሥራዋን ተነጠቀች፤ መኪናው በሙሉ ፊውዝ ሆነ። ይህ እድገት ካልሆነ ምን ይባላል?

መኪናዬ ጋራዥ በገባች ቁጥር ፍራንኮ አካባቢ የምሳፈርበት አንድ ሚኒባስ አለ። ታርጋውን አልናገርም፤ ቅርስ ነው፣ ሰው እንዳይሰርቀው። የዚህ መኪና ታሪክ የተጀመረው በክላክስ ነው። የክላክሱ ፊውዝ ተቃጠለ። ያለ ክላክስ የሚኒባስ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ከሬዲዮው መስመር ተዋሰ። ከዚያ ወዲህ ክላክስ ሲነፋ ሙዚቃው ይቋረጣል። ሾፌሩ ደግሞ ክላክስ ሳይነፋ ሃያ ሜትር አይሄድም። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሬዲዮው ከኋላ መብራት ጋር ተገናኘ። አሁን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ዘፋኙ ድምፁ ይሰጥማል፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ይመለሳል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ ሰውየው የሚዘፍን ሳይሆን የሚያምጥ ነው የሚመስለው።

ይህን እንዲያስተካክል ሌላ ሊቅ ተጠራ። እሱ ደግሞ ፍሬቻውን ነካ። ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ፍሬቻ ሲበራ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ዝናብ በሌለበት፣ በዚያ አቧራና ፀሐይ፣ ደረቅ መስታወት የሚፍቅ ሚኒባስ ካያችሁ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው ማለት ነው። የመስመሩ ሾፌሮች ሁሉ ለምደውታል። መጥረጊያው ሲንቀሳቀስ ቦታ ይሰጡታል። ወደ ቀኝ ግን ምንም የለም። ወደ ቀኝ ሲሆን ረዳቱ እጁን ያወጣል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ከሆነ በሩ ጋ የተቀመጠ ተሳፋሪ ያወጣል። አንድ ቀን ዕጣው ለእኔ ደረሰ። "ፋዘር፣ ቀኝ!" አለኝ። አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ታጠፍን፣ ሁለቱንም ጊዜ አወጣሁ። የሰው መኪና ቀኝ ፍሬቻ ሆኜ ገልማ አባገዳ ድረስ ሄድኩ። ስወርድ ሙሉ ሒሳብ ተቀበለኝ።

የፊት መብራቱ ደግሞ የሚበራው በሩ በኃይል ሲዘጋ ነው። አንዴ ሲዘጋ አጭር፣ ሁለቴ ሲዘጋ ረጅም። ሦስቴ ከተዘጋ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ በሩ ላይ "ሦስተኛ እንዳትዘጉ" የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል። እንግዳ ተሳፋሪ ነገሩ አይገባውም። ሦስተኛውን ይዘጋል። ከዚያ "ወንዶች ውረዱ" ይባላል። የነዳጅ ጌጁ ደግሞ ሌት ተቀን ሙሉ ነው የሚያሳየው፤ በዚህ ዘመን ይህን ማየት ብቻውን ያስደስታል። አንዳንዴ ከመሪው ሥር ቀጭን ጭስ ብቅ ይላል። ረዳቱ በጨርቅ ያራግባታል። ባለፈው አንዲት እናት "ምንድን ነው የሚሸተው?" ብላ ጠየቀች። "ከውጭ ነው ማዘር" አላት፤ ጨርቁን ከጀርባው ደበቀ።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም።

ያቺ እናት ሕፃን ታቅፋ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በሚጭን መኪና ውስጥ አሥራ ሰባት ነበርን። በሩ ከውስጥ መክፈቻ የለውም፤ ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ያቺ ቀጭን ጭስ እሳት ብትሆን በየት ነው የምንወጣው? ማን ነው ቀድሞ የሚረገጠው? የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ለማትሞላ ፕላስቲክ ነው ይሄ ሁሉ! ይህ ብልሃት አይደለም። ሰው መግደል ነው፤ ገና አልተሳካም እንጂ። ሠሪው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ ቤት ቁጭ ብሎ የቀን ገቢ የሚቀበለው ባለንብረትም ያውቃል። አፍንጫችንን ይዘን የተቀመጥነው አሥራ ሰባታችንም እናውቃለን። "ወራጅ" ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ።

ባትሪ ላይ ያለን ጥበብ ከፊውዙ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ባትሪን ብርድ የሚገድለው ይመስለናል፤ ብርድ ያደክመዋል፣ ዕድሜውን የሚበላው ግን ሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ የእርሳስ ሳህኖቹ ይበላሉ። ሙቀት ደግሞ አዳማ ተበድራ አታውቅም። የሚከፈት ክዳን ያለው ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ ውሃ ነው፤ ዲስቲልድ የሚሉት። ማዕድን የሌለበት። የእኛ ሰው ግን ቸር ነው። የጠጣውን ሃይላንድ ትራፊ ያካፍለዋል። ካለቀበት ከቧንቧ ይቀዳል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንዳለበት ለአዳማና ለወንጂ ሰው አይነገረውም፤ ፈገግ ሲል ይታያል። የእኛን ጥርስ እንዲህ ያስዋበ ውሃ ለባትሪ ምን ያንሰዋል?

ምርመራውም ልዩ ነው። በሌላው ዓለም ቮልት መለኪያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካነበበች ባትሪው ሙሉ ነው። ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው እየሞላ ከሆነ ወደ 14 ትጠጋለች። የእኛ ሊቅ ግን ቁጥር አይወድም። ካቻቢቴውን በሁለቱ ጫፎች ላይ ያጋድማል። ጧ! "አለው" ይላል። ባትሪው አለው። የሌለው የሰውየው ቅንድብ ነው። ዲናሞው መሙላቱን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ደህና መሆኑን ግን የምታውቁት በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያኔ እሱ ስልክ አያነሳም።

ከሁሉ የምወደው መግፋቱን ነው። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች ታውቋቸዋላችሁ። አዳማ 2 የሚባለው ብቻውን 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እነሱ እላይ እየተሽከረከሩ ላገር መብራት ይልካሉ፤ እኛ ከሥራቸው መኪና እንገፋለን። እሑድ ጠዋት የጎረቤቴ ቪትዝ አልነሳ አለች። ስምንት ሆንን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላቸውን እንዳደረጉ ገቡበት። አንዱ "ሁለተኛ ላይ አድርጋት!" ይላል። ሌላው "ፍሪሲዮን ልቀቅ!" ይጮኻል። ጎረቤቴ መሪው ላይ ሆኖ ሁሉንም "እሺ፣ እሺ" ይላል። ሁለቴ ቁልቁል ወሰድናት፣ አንዴ ሽቅብ መለስናት። አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "ይቺ አውቶማቲክ አይደለችም እንዴ?" አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። አውቶማቲክ መኪና ተገፍታ አትነሳም። ስምንታችንም ይህን እናውቃለን። ግን ሰው ሲገፋ አይተህ አይገፋም ይባላል? ልጁን "ሂድ ወደዚያ ተጫወት" አልነውና አንዴ ደግሞ ገፋናት።

ኤሌክትሪክ መኪና መጣልን፣ ከዚህ ሁሉ ተገላገልን የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አትቸኩሉ። እሷም ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ይዛለች። የፊውዝ ሳጥንም አላት። ሰዎቻችን ሥራ አይፈቱም።

ሐሙስ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። የማስቲካ ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ አንዲት ሰማያዊ 15 አምፒር ገዛሁና ልጁ ጋ ተመለስኩ። ፊውዙን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

"ይሄ ምን ያደርግልሃል ፋዘር?"

"አንተ ብቻ ሰካልኝ።"

ሰካው። ቁልፉን አዞርኩ። ቲክ አለች። ተቃጠለች።

ልጁ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። "አላልኩህም? ፎርጂድ ነው! የእኔ ሁለት ሳምንት ሠራ፣ ያንተ ሁለት ሴኮንድ አልሞላም!" ብሎ ጎረቤት ያሉትን ጎማ ሠሪዎች ጠራቸው። የተቃጠለችውን ፊውዝ እየተቀባበሉ አዩአት። አንገታቸውን ነቀነቁ። የዘንድሮ ዕቃ ተባለ።

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ቻርጀር የምሰካበት ቀዳዳ ውስጥ አየሁ። ታች፣ ከመሃሉ ጫፍና ከዙሪያው ብረት ጋር ተጣብቆ አንድ አምስት ሳንቲም ተኝቷል። አንበሳው ወደ ላይ ሆኖ ያየኛል። ዛሬ ለማኝ እንኳ የማይቀበለው አምስት ሳንቲም መኪናዬን ሊያቃጥላት ነበር። መቼ እንደወደቀ እንጃ።

ልጁ ቁልፉን አስጠፍቶኝ በፒንሳ ጎትቶ አወጣው። መዳፉ ላይ አገላበጠው። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። በጥርሱም ሞከረው። ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሲበራ አየሁ።

"ወፍራም ነው" አለ። "ይሄ ለሁለት ቢቆረጥ ለጊዜው ሁለት ፊውዝ ይወጣዋል።"

ኪሱ ከተተው።