ፈረሰኛው ይገባናል

የበዓል ሰሞን ማይክራፎን የጨበጠ ሁሉ የማይረሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ለመሆኑ በገና ጠዋት ቤታችሁ የሚወደደው ቁርስ ምንድን ነው?» እኛ የጅማ አባወራዎች ለመልሱ አንቸገርም። ጋቢያችንን ትከሻችን ላይ አስተካክለን «የባለቤቴ ዶሮ ወጥ ነዋ! እጇን ይባርከው!» እንላለን። መመረቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሽሮ ሲወርድበት የከረመ ጉሮሮ ይዞ መመረቅ ነው። ይህን ልፋታችንን እስካሁን ያመሰገነልን ስለሌለ ዛሬ እኔው ላመስግን ብዬ ተነሥቻለሁ።

የገና ቁርስ የሚጀመረው ማድ ቤት ሳይሆን ገበያ ነው፤ ገበያ የሚወጣው ደግሞ ወንድ ነው። ሂርማታ ወርጄ አንዱን ገብስማ አውራ ዶሮ ከነክንፉ ብድግ አደረግኩት፣ ደረቱን ዳበስኩ፣ «እህም» አልኩ። ምን እየፈለግኩ እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴ እንዲህ ሲያደርጉ ስላየሁ ነው። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረኝ «ኧረ እግዜርን ፍራ» አልኩትና የጠራውን ከፈልኩ። ከዚያ እግሩን አሳስሬ፣ ዘቅዝቄ ይዤው፣ በባጃጅ መሄድ እየቻልኩ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለበዓል ዶሮ የገዛ ሰው ባጃጅ ውስጥ ቢደበቅ ማን ያየዋል?

ቀጥሎ እርዱ መጣ። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዶሮ በወንድ እጅ ካልተባረከ አይበላም ብለው ሥርዓት ያወጡ አባቶች ምን ያህል አርቀው እንዳሰቡ የገባኝ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነው፤ ቢላውን ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ «በሉ እንግዲህ፣ የቀረው የእናንተ ነው» ስል ቀኑ ገና አራት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ወንድ የሌለበት ቤትማ ያሳዝናል። ሦስተኛ ቤት ያሉት እማማ ዶሮና ቢላ ይዘው በራቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን «የኔ ልጅ፣ ባርክልኝ» ሲሉ ያረፍዳሉ። ጅማ ነውና አስቀድመው «ክርስቲያን ነህ?» ማለትም አለባቸው። ሦስት ጎረምሳ «አይ እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት» እያለ ካለፈ በኋላ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተገኘ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ቢሆንም ወንድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ብልት ሲያወጡ የኖሩት እማማ ክንፉን ይዘው «እዚህ ጋ፣ ትንሽ ዝቅ» እያሉ መሩት። ሥርዓቱ ተሟላ።

የቀረው ጥቃቅን ነገር ነው። መንጨት፣ መለብለብ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት፣ ውሃው ምንጭ እስኪመስል በሎሚና በጨው ማጠብ። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት መክተፍ፣ ጠብ ያለ ዘይት ሳይነካው ማቁላላት፣ ከዚያ በርበሬውን ጨምሮ እንዳያርር እያማሰሉ እግር እስኪዝል መቆም። ጎን ለጎን ደግሞ ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይገባል፤ የጠላውን ነገር አላነሣም፣ እሱ ከተጠነሰሰ ሰንብቷል። መብራት በመሀል ሲጠፋ ከሰል ማቀጣጠልም አለ። ይኼ ሁሉ ተደማምሮ እንኳ እንደኔዋ ደቂቃ ሥርዓት የወጣለት አይደለም።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ማለቴ ተቀምጫለሁ፣ ግን ዝም አላልኩም። የጅማን በርጩማ ታውቋታላችሁ፤ ባለ ሦስት እግሯን፣ ከአንድ ግንድ የምትፈለፈለውን። ሰው ለምን እንደዚህ ያለ ጠንካራ መቀመጫ እንደፈለሰፈ የሚገባው በገና ዋዜማ ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ «ቁሌቱ ገና ነው»፣ «እሳቱን ቀንሺው» እያልኩ አመሸሁ። ጎረቤታችን ሀጂም መጡና ሌላ በርጩማ ተሳበላቸው። ገና በአራት ዓመት አንዴ ለምን ታኅሣሥ 28 ላይ እንደሚውል ጠየቁኝ፤ ስለ ዘመነ ዮሐንስና ስለ ጳጉሜን 6 እስኪሰለቻቸው አስረዳኋቸው። ቡና ሁለት ጊዜ ተፈላልን።

የሀጂ ባለቤት ደግሞ ውስጥ ናቸው። ከቀትር ጀምሮ ዓይናቸው እያለቀሰ ሽንኩርት ይከትፋሉ። የሚከትፉት የክርስቲያን እርድ ለሚገባበት ወጥ ነው፤ አይቀምሱትም። ባለቤቴም ብትሆን ቅቤ የገባበትን ወጥ በጾም አትቀምስም። እናም ሁለት ሴቶች በአፍንጫና በዓይን ብቻ ሲያማክሩት ከቆዩ በኋላ የጨዉ ነገር ለአምስት ዓመቷ ልጄ ተመራ። መዳፏ ላይ ጠብ አደረጉላት። ላሰች፣ አሰበች፣ «ያቃጥላል» አለች። ስለ ጨው ያለችው ነገር የለም።

ስለ ጅማ መቻቻል ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን እንደዚያ ምሽት ታይቶኝ አያውቅም። ሀጂና እኔ በጾም አንገናኝ፣ በእርድ አንገናኝ፤ በርጩማው ላይ ግን አንድ አካል ነን። «እኔም በአረፋ ቢላዬን ካስቀመጥኩ ወዲያ ማድ ቤት ዞር አልልም» አሉኝ። በአረፋ ሽንኩርቱን የምትከትፍላቸው የኔዋ ናት። ያን ቀን በርጩማው ከእኔ ቤት ወደ እሳቸው ቤት ይዛወራል።

ሌሊት ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ሄድኩ። ባለቤቴ መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ሁለታችንም ከሄድን እሳቱን ማን ያያል? ስለ እሷም ጸልዬላታለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ሞሰቡ ቀርቧል፣ ድፎው ተቆርሷል። የወጡ ቅቤ ላዩ ላይ ያበራል። ፈረሰኛው ያለ ክርክር እኔ ፊት አረፈ፤ ዶሮ ዘቅዝቆ ከሂርማታ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይበላል? እንቁላሉን ለሁለት ከፈልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ጎረስኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁሉም ፍርዴን ይጠብቃል።

«ጨው ትንሽ አነሰው» አልኩ።

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። የአምስት ዓመቷ ዳኛ አንገቷን ደፋች። እኔ እንኳ ለጨዋታ ነበር፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ስለ እመቤት ግን ተረቱ ምንም አላለም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሀጂና ባለቤታቸው «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ገቡ። ድፎና ማር ቀረበላቸው፤ ወጡን በሩቁ አሸተቱት። የሀጂ ባለቤት «ሽንኩርቱ ጠፍቶ ቀልጧል፣ እሰይ» አሉ። የራሳቸውን ሥራ ያዩት በዓይናቸው ብቻ ነው። ሀጂ ወደ እኔ ዞረው «ደክመሃል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ያችኑ ጥያቄ እያዞረች ትጠይቃለች። ሁሉም ባለ ጋቢ ነው፣ ሁሉም እጅ ይባርካል። ባለቤቴን «ሰማሽ?» ልላት ዞር ስል ጀበናው አጠገብ፣ ረከቦቱ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛውን ሳትቀዳ እንቅልፍ ወስዷታል። ፊቷ የተቀመጠው ሳህን ላይ አንድ ክንፍ አለ፤ አልተነካም።

እንግዲህ ጨካኝ አይደለሁም። ተነሥቼ የበላሁበትን ሳህን ላንሣ ብል በኮቴዬ እንዳልቀሰቅሳት ፈራሁ። ባለሁበት ሆኜ ትልቋን ልጄን ጮክ ብዬ ጠራኋት።